ቤዛ ስንል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ያሉባቸው ከ100 በላይ መንገደኞች ገብረ ጉራቻ አጠገብ ታገቱ። የተነሡበት መንገድ በእኛው በወረታና በሐሙሲት የሚያልፈው ነው። ወዲያው ለወላጆች ስልክ እየተደወለ ገንዘብ ተጠየቀ።

መክፈል ኃጢአት ነውን? አንዳንዶቻችሁ «የከፈለ ለሚቀጥለው እገታ ጥይት ገዛ» ትላላችሁ። እውነት አለበት፤ ገንዘብ ያስገኘ ሥራ ይደገማል፣ ዋጋውም ይንራል። ነገር ግን በሬዋን ሸጣ ልጇን በምታስመልስ እናት ፊት ቆማችሁ ይህን ትናገራላችሁን? ቤዛ የሚለውን ቃል ከጌታችን ስም ጋር ስለለመድነው የሚከፈል ዋጋ መሆኑን እንረሳለን። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ ምርኮኞችን ለማስለቀቅ ንዋያተ ቅድሳትን አቅልጦ ሰጠ፤ ተነቀፈበት፣ እርሱ ግን አላፈረበትም። እኔም በእርሱ ወገን ነኝ።

በደሉ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። አጋች የፎገራ ገበሬ ሩዙን በስንት እንደ ሸጠ፣ የማን ልጅ ዐረብ አገር እንዳለች በምን ያውቃል? ጠቋሚ ሲኖር ነው። ጠቋሚው ደግሞ አብሮን ጠበል ጻዲቅ የቀመሰ፣ ወሬውንም ከእኛው አፍ የሰማ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የጎረቤታችሁን ገቢ የት የት እንደምታወሩ አስቡ። ለታገተ ሰው መዋጮ ስንሰበስብም ስም እየተጠራ፣ የብሩ ልክ እየተነገረ አይሁን፤ በዝግ ሣጥን ይሁን።