ልጁ በሄደበት መንገድ



ኤሚሊዮ ኤስቴቬዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ያዘጋጀው «ዘ ዌይ»፥ ማለትም «መንገዱ»፥ የተሰኘ ፊልም አለ። ቶም የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ከአንድ ልጁ ከዳንኤል ጋር አይግባባም። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ዓለምን ልይ ብሎ ሲነሣ አባት አልወደደለትም፤ ሳይስማሙ ተለያዩ። አንድ ቀን ከፈረንሳይ ስልክ ተደወለ። ዳንኤል በስፔን ወደሚገኘው የሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር፥ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ፥ በእግሩ ንግደት በጀመረ ገና በመጀመሪያው ቀን በፒረኔ ተራሮች ላይ ማዕበል ደርሶበት ሞቷል።

አስከሬኑን ሊያመጣ የሄደው አባት በዚያ ሐሳቡን ለወጠ። አስከሬኑን አስቃጥሎ ዐመዱን በሣጥን አደረገ፤ የልጁን የጀርባ ቦርሳ አንግቶ ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ራሱ ያዘው። አባትን ሆኖ የሚሠራው ማርቲን ሺን የኤስቴቬዝ ወላጅ አባት ነው፤ ሟቹን ልጅ ሆኖ የሚታየውም ኤስቴቬዝ ራሱ ነው። ዐመዱ መበተኑን ግን ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም፤ ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው መመሪያ በተቀደሰ ስፍራ በክብር እንዲቀመጥ አዝዛለች። ይህን ለጥንቃቄ ያህል ብለን እንለፍ።

በዚያ መንገድ ላይ ነጋዲ ሲመሽበት የሚያርፍበት ቤት አለው። የእኛም አባቶች በሩቅ አገር እንዲህ ያለ ማረፊያ ነበራቸው፤ በቫቲካን የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ነጋድያን ቤት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 በሮም ሲያሳትሙ ያረፉት በዚያ ነበር።

ዛሬ ከሆሳዕና፥ ከዱራሜና ከሺንሺቾ ልጆቻችን የሚሄዱበት መንገድ ግን ማረፊያ የለውም። በሞያሌ አልፎ በኬንያ፥ በታንዛኒያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ወገኖቻችን ታፍነው ሞተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በሰሜን ማላዊ በምዚምባ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። በታኅሣሥ ደግሞ 27 አስከሬኖች በሉሳካ ዳርቻ በመንገድ ዳር ተጥለው ታዩ። በእነዚህ ቦታዎች የተገኙት ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ ታምኗል።

እዚህ ላይ የእኛ አባት ከቶም ይለያል። ቶም አትሂድ ብሎ ነበር፤ የእኛ አባት ግን ብዙ ጊዜ በሬውን ሸጦ፥ መሬቱን አስይዞ የደላላውን ገንዘብ የከፈለ እርሱ ራሱ ነው። ባይከፍል እንኳ የጎረቤት አዲስ ቤት ልጁን ይገፋዋል። ስለዚህ መርዶ ሲመጣ ኀዘኑ ከጸጸት ጋር ይመጣል። ከዚያም የከፋው መርዶ እንኳ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ስልኩ ዝም ይላል፤ ድንኳን አይጣልም፤ እድር አይጠራም፤ እናት በሕይወት አለ ብላ እንዳትጠብቅ ሞቷል ይሏታል፥ ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ መቃብር የለም።

እንዲህ ላለው ቤት ምን እንበል? አንዳንዶቻችን ተግሣጽ ይቀናናል፤ «ስግብግብነት ነው» ብለን ከመንበር እንፈርዳለን። ወንጌል ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ተስፋ ቆርጠው ለኢየሩሳሌም ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ጌታ ከፊታቸው ቆሞ አልከለከላቸውም። በማይገባው አቅጣጫ አብሯቸው ተራመደ፤ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ የገሠጻቸውም ኀዘናቸውን ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው (ሉቃ. 24፥13–35)። ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱት በዚያው ሌሊት፥ ማንም ሳያስገድዳቸው ነው።

ቶምም በልጁ መንገድ ሲራመድ እንዲህ ሆነለት። ከሦስት መንገደኞች ጋር ተገናኘ፤ አንዱ መክሳት የሚሻ፥ አንዷ ሲጋራ መተው የምትሻ፥ ሌላው መጻፍ ያቃተው ደራሲ። ሲጀመር ሦስቱም ያሰለቹት ነበር፤ አንድ ቀን ሰክሮ ክፉኛ ሰድቧቸዋል። እነርሱ ግን አልተለዩትም። ልጁን በሕይወቱ ሳለ ያላወቀው ሰው ቀስ በቀስ ያወቀው በእነዚያ እርምጃዎች ውስጥ ነው።

የእኛ አባት ይህን ማድረግ አይችልም። ቴቴ ሩቅ ናት፤ የምዚምባም ጫካ የማንን ልጅ እንደ ያዘ አይናገርም። አብሮት መራመድ ያለበት ጎረቤቱና ቁምስናው ነው። ካቴኪስቶች ሆይ፥ ወደዚያ ቤት ስትገቡ መጽሐፍ ከመግለጣችሁ በፊት ተቀመጡ፤ ስለ ልጁ ጠይቁ፤ ምን ይወድ እንደ ነበር፥ በመጨረሻ ስልክ ምን እንዳለ። አባትየው ስለ ከፈለው ገንዘብ ራሱ ካነሣ ስሙት እንጂ አትጠይቁት። ንስሐ ቢሻ ካህን ጥሩለት።

መሞቱ የተረጋገጠ ልጅ አስከሬኑ ባይመጣም ጸሎተ ፍትሐት አይከለከልም። ያልተረጋገጠውንም በቅዳሴ በስሙ ልንጸልይለት እንችላለን፤ በሕይወት ይኑር አይኑር እግዚአብሔር ያውቀዋል። የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ጥቅምት 23 ቀን ነው። ከዚያ በፊት በየመንደራችሁ በደቡቡ መንገድ የቀሩትን ስም ጽፋችሁ ለቁምስናችሁ ካህን አምጡ። የሞቱበት ቀን ካልታወቀ ከቤት የወጡበትን ቀን ጻፉ።