መመለስ ስለሌለበት ሽሽት

ከጎባ በላይ በሳነቴ አምባ የሚኖረው ትልቁ ፍልፈል ቀይ ቀበሮ በታየው ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ይሸሻል፤ ከገባም በኋላ ያርፋል። ፍርሃት ለፍጥረት የተሰጠው ወደ መጠጊያ እንዲያደርስ ነውና።

የሮቤና የጎባ ልጆቻችን ግን፣ እንደ ሌላው አገር ልጆች ሁሉ፣ በእጅ ስልክ ሌላ ዓይነት ሽሽት ይጫወታሉ። በ2003 ዓ.ም. ከአሜሪካ የወጣው «ቴምፕል ረን» የዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ ነው። በእርሱ አንድ ሰው ከቤተ ጣዖት የወርቅ ምስል ሰርቆ ይሮጣል፤ ጋኔን የመሰሉ ጦጣዎችም ያሳድዱታል። ተጫዋቹ ጣቱን ወደ ላይ ቢስብ ሯጩ ይዘላል፤ ወደ ታች ቢስብ ይንሸራተታል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይታጠፋል። ሩጫው እየፈጠነ ይሄዳል እንጂ ፍጻሜ የለውም፤ የሚቆመው ሯጩ ሲወድቅ ወይም ሲያዝ ብቻ ነው።

ጨዋታ ስለ ሆነ ኃጢአት ነው አንልም። ልጅ ደንግጦ መሳቁ በድብብቆሽም የነበረ ነው (ዳሩ ግን ድብብቆሽ የሚጫወተውን ሲመሽ እናቱ ትጠራዋለች)። እኛን የሚያሳስበን ለመዝለሉም ለመታጠፉም ዘዴ ተሰጥቶ ሳለ፣ የሰረቀውን ለመመለስ ግን አንዳች ዘዴ አለመኖሩ ነው። ሽሽቱን የወለደው በእጁ ያለው ምስል ሲሆን፣ እርሱን መጣል ከቶ አይታሰብም። ዘኬዎስ ግን የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቆመ።

ይህን ጨዋታ ስልክ ሳይነኩ የሚጫወቱም አሉ። የጎረቤቱን የስንዴ ማሳ ድንበር ገፍቶ ያረሰ አባት ልጁን ስለ ስልኩ ይገሥጻል። ልጁ ስልኩን ቢያጠፋው ሩጫው ይቆማል፤ አባትየው ግን ያን ጎረቤት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል።