የተረዳው ማን ነው?

18 አሜሪካውያን ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት የትምህርት ዕረፍታቸው 25,000 ዶላር አሰባስበው ወደ ሆንዱራስ ሄዱ። የአንድ ሕፃናት ማሳደጊያ ግድግዳ ቀቡ፣ መጫወቻ ሜዳውን አጸዱ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወቱ። ልጆቹ ፈነደቁ። ተማሪዎቹም በእምነታቸው ያደጉበት ጉዞ ሆነላቸው። ማሳደጊያው ግን ለደመወዝ፣ ለምግብ፣ ለልብስና ለቤት ጥገና በዓመት የነበረው በጀት 45,000 ዶላር ነበር። ታሪኩን የጻፈችው ጆ አን ቫን ኤንገን ሆንዱራስ ውስጥ ለዓመታት የኖረች፣ ራሷም ክርስቲያን የሆነች ሴት ናት።

እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ የሚታየኝ ማካፈል ነው፦ ከዓመቱ በጀት ከ55 በመቶ በላይ፣ በአንድ ሳምንት። በቃ፣ ገንዘቡን ልከው እቤታቸው ቢቀመጡስ? ያሰኛል። ግን ይሄ ስሌት ሩቅ አይወስድም። አክስትና የሰፈር ቤተ ክርስቲያን የሚያዋጡት ለሚያውቁት ልጅ ጉዞ እንጂ ስሙን ሰምተው ለማያውቁት ማሳደጊያ አይደለም። ጉዞው ባይኖር ብዙው ገንዘብም አይኖርም።

የጉዞው ጠበቆች ደግሞ ሌላ መልስ አላቸው። ግድግዳው ሰበብ ነው፣ ዋናው የተማሪዎቹ መለወጥ ነው፤ ድህነትን በዓይኑ ያየ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥ ይኖራል ይላሉ። ይህንንም የፈተሸ ሰው አለ። ከርት ቬር ቢክ የተባለ ሶሺዮሎጂስት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ቤት ሊሠሩ የመጡትን ሰሜን አሜሪካውያንም፣ ቤት የተሠራላቸውን ቤተሰቦችም ጠየቀ። ቤቱን ፈረንጅ ሠራው የአገሩ ሰው፣ በቤተሰቡ ኑሮ ላይ ያን ያህል ልዩነት አላገኘም። ተጓዦቹም ከጉዞው ወዲህ የበለጠ እንሰጣለን ቢሉም፣ የስጦታው መዝገብ ሲታይ ጭማሪው ትንሽ ነበር።

እሺ፣ ለውጡ እውነት ነው እንበል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የአንድን ሰው ችግር የሌላ ሰው መማሪያ ክፍል ማድረግ ይፈቀዳል ወይ?

ሜክሲኮ ይኖር የነበረው ካቶሊካዊ ቄስ ኢቫን ኢሊች፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደዚያች አገር ለበጎ ፈቃድ ሥራ ለሚሄዱ የአሜሪካ ተማሪዎች ንግግር አድርጎ ነበር። ከእሱ ምርቃት ይጠበቅ ይሆናል። እሱ ግን ለጉብኝትም ለትምህርትም ቢመጡ እንደማይቃወም፣ ለመርዳት ግን እንዳይመጡ ነገራቸው። ቋንቋውን የማያውቅ ወጣት፣ የመንደሩ ሰው ስለ እሱ የሚለውን እንኳን መስማት አይችልም።

ከዚህ ተነስተው ለራስህ ስትል የረዳኸው እርዳታ አይባልም የሚሉ አሉ። እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ነዳይ አስቡት። “ስለ ማርያም” ይላል። ሳንቲም የሚሰጠው ሰው ጽድቅ ፈልጎ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ “እግዜር ይስጥልኝ” ይላል። ቃሉን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ በእኔ ፋንታ እሱ ይስጥህ ማለት እኮ ነው። ዕዳው አልተሰረዘም፣ መክፈል ወደሚችል ተላለፈ እንጂ። ነዳዩ ሂሳቡን ዘግቶ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ሰጪውም አግኝቷል፣ ተቀባዩም አግኝቷል፣ የተደበቀ ነገር የለም። (ምጽዋት ድህነትን አያጠፋም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ትክክልም ነው።)

በሚሽን ጉዞው ላይ ግን ውሉ ለአንደኛው ወገን አይነበብለትም። ያ የማሳደጊያ ልጅ “ለተማሪዎች መንፈሳዊ ዕድገት ሳምንቱን ሙሉ ትታቀፋለህ፣ ቅዳሜ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ሌሎች ይመጣሉ” አልተባለም። ተማሪው እያለቀሰ ተሰናብቶ አውሮፕላን ሲሳፈር ትዝታው ለእሱ ትርፍ ነው። ለልጁ ግን ያው፣ አንድ ሌላ ሰው ጥሎት ሄደ።

ዳቦና ስብከት አብረው ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ያመነ ሰው ያመነውን ቢናገር አይገርመኝም። ግን የራበው ሰው “አልሰማም” ማለት ይችላል? የእርዳታ ሰልፍ ላይ ቆሞ የተናገረው እሺታ ምን ያህል የእሱ ነው? በዚህ ከእኔ ይልቅ መጨነቅ ያለበት ሰባኪው ራሱ ይመስለኛል።

ይሄን የፈረንጅ ችግር ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉት። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የግቢ ጉባኤውም የፌሎሺፑም ልጆች በበዓል ሰሞን ወደ አረጋውያን መርጃ ይጎርፉ ነበር። አንድ የፋሲካ ሰሞን አብሬያቸው ሄድኩ። ከመካከላችን አንዱ ጥፍር መቁረጫ ይዞ አንዲት እናት አጠገብ በርከክ አለ።

“እማማ፣ ጥፍርዎን ልቁረጥልዎት?”

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። “ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሰው ቆርጦልኛል። አንተ ደግሞ ጣቴን ልትቆርጥ ነው?”

ሳቅን። ሳቁ በረድ ሲል “ይልቅ ቁጭ በልና አጫውተኝ። የማን ልጅ ነህ?” አሉት። በአንዲት ጥያቄ እሳቸው ባለቤት፣ እሱ እንግዳ ሆኑ። ጥፍር መቁረጫው ኪስ ገባ፣ ወሬው አንድ ሰዓት ሄደ። ከሁሉም ጉብኝታችን የወደድኩት ያንን ሰዓት ነው፤ ማን ማንን እንዳገለገለ መለየት አይቻልም ነበር። ግን ጥፍሩም ቢሆን ቀልድ አይደለም። በዓል ጠብቆ አያድግም። በእኛ ሙያ ሲስተም ሠርቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ቀላል ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ሌሊት ሲበላሽ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ነው የሚጠፋው።

በቅርቡ፣ ተማሪዎች ይዞ በክረምት ወደ ገጠር ለአገልግሎት የሚወጣ ወዳጄ የመመዝገቢያ ፎርም ሥራልኝ አለኝ። ስም፣ ዲፓርትመንት፣ የቲሸርት መጠን። (ቲሸርት መቼም አይቀርም።) ሠራሁለት። አስተባባሪዎቹ በሚሞሉት ገጽ ላይ ግን ካልተሞሉ የማያሳልፉ ሦስት ሳጥኖች ጨመርኩበት። እንድትመጡ የጠራችሁ የአካባቢው ሰው ማነው? እናንተ ባትሄዱ ይህን ሥራ ማን ይሠራው ነበር? ስትመለሱስ ማን ይቀጥለዋል?

ደወለልኝ። “አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፎርም ነው ፈተና?”

አጥፋው ግን አላለኝም። ትናንት ማታ ገብቼ ሳየው የመጀመሪያው ሳጥን ተሞልቷል፤ የአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስምና ስልክ። ሁለተኛውም ተሞልቷል። ሦስተኛው ላይ “እየጠየቅን ነው” ይላል።