ዐውቆ ዝም ማለት

ልብ አንጠልጣይ የሚባለውን ፊልም ብዙ ሰው የሚያመሰግነው ምስጢሩን እስከ ፍጻሜው ሸሽጎ ስላቆየ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ድንጋጤ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ ፍጻሜውን እያወቅን ደጋግመን የምናየውን ፊልም ታላቅነት ሊያስረዳን አይችልም። እኔ እንደማምነው፣ ታላቁ ፊልም ምስጢሩን ገና ከመጀመሪያው ለተመልካቹ ያሸክመዋል፤ ክፉውን ነገር ዐውቆ ለመናገር ያልተፈቀደለት ሰው ኅሊናው እንዴት ያድራል የሚለውንም ጥያቄ በነፍሱ ላይ ያሳድርበታል።

በልጅነቱ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት የተማረው ካቶሊካዊው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ለፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ለፍራንሷ ትሩፎ እንዳስረዳው፣ ከጠረጴዛ ሥር የተሸሸገ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሴኮንድ ይደነግጣል፤ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቃል። ይህንኑ ሥርዓት ወደ መንፈሳዊ ጥያቄ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «እናዘዛለሁ» በተባለው ፊልሙ ነው።

በካናዳ በኩቤክ ከተማ፣ ኦቶ ኬለር የተባለ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የካህን ቀሚስ ለብሶ ለስርቆት በገባበት ቤት አንድ ጠበቃ ይገድልና በዚያችው ሌሊት ለአባ ሎጋን ይናዘዛል። ጥርጣሬው ግን ተመልሶ በካህኑ ላይ ይወድቃል፤ አባ ሎጋንም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ የንስሐን ምስጢር የገለጠ ካህን የተወገዘ ነውና፣ በራሱ ላይ የሞት ፍርድ ሲያንዣብብ እንኳ አንደበቱን ይዘጋል። ከሁሉ ይልቅ የምደነቅበት ትእይንት የቁርሱ ነው፦ ካህናቱ በማዕድ ተቀምጠው ስለ ተራ ጉዳይ ሲጨዋወቱ፣ የገዳዩ ሚስት አልማ ቡና ልትቀዳላቸው ከኋላቸው ትመላለሳለች፤ ካሜራውም ጨዋታውን ወደ ጎን ትቶ እርሷን ይከተላል፤ እርሷም ባሏ የተናዘዘው ነገር በአባ ሎጋን ፊት ላይ ተጽፎ እንደ ሆነ በስርቆት ትመረምራለች። አባ ሎጋንን ሆኖ የሚጫወተው ሞንትጎሞሪ ክሊፍት ፊቱን አያጨማድድም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኛም የምናውቀውን እያወቅን፣ ያ ፊት እንዳይከዳው እንፈራለታለን።

ይሁን እንጂ በእኛ ዝምታና በእርሱ ዝምታ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። እኛ ብንጮኽም የሚሰማን የለም፤ እርሱ ግን በአንዲት ቃል ከሞት ሊድን ሲችል ይህን ቃል በፈቃዱ ይተዋል። ገዳይን በነጻ የሚያስኬድ ዝምታ ጽድቅ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አልማ በመጨረሻ እውነቱን ልትናገር ስትወጣ ባሏ ተኩሶ ይገድላታልና። ያለ ምስጢር ንስሐ የለም፣ ካህኑም ዋጋውን በራሱ ሕይወት ሊከፍል ቈርጦ ነበር ብለን ብንመልስም፣ የዚህች ሴት ደም መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ፊልሙ ይህን ሳይሸፋፍን ማሳየቱን ከእውነተኛነቱ እቈጥረዋለሁ። ኬለርን የሚያጋልጠው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን አለማመኑ ነው፤ ሰው ለእርሱ ሲል ይህን ያህል ሊታገሥ እንደሚችል ማመን ስላልቻለ፣ ካህኑ ተናግሮብኛል ብሎ በገዛ አንደበቱ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፤ ሲሞትም የሚጸልይለት ይኸው እርሱ የበደለው ካህን ነው።

ሂችኮክ ራሱ ኋላ ይህን ፊልም ባንሠራው ይሻል ነበር ብሏል፤ ካቶሊክ ያልሆነው ተመልካች፣ ካህን የሰውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲል ሕይወቱን ለሞት ይሰጣል ቢሉት የማይታመን ሆኖበታልና። እኔ ግን በዚህ ፍርዱ አልስማማም። የንስሐ አባት ምን ማለት እንደ ሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ የሀገራችን ሰው ይህን ፊልም ለመረዳት ምንም ማብራሪያ አያሻውም፤ ሂችኮክ ከሠራቸውም ሁሉ ከፍ ካለው ስፍራ ልናስቀምጠው ይገባል።