ልደት ወይስ ዕድሜ? ስለ ታደሱ መኪናዎች ዳኝነት

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ አሮጌ መኪና አቀበቱን ሳይጨርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ ስድሳ ያህሉ ብቻ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም። ለአውሮፓ ዝቅተኛ ምድር እንደ ተለካ ቤንዚኑን ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። ስለዚህ መካኒኩ ቤንዚን የሚለካባትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አውጥቶ በጠበበች ይተካታል። ይህን ሲያደርግ መኪናውን ከፋብሪካው ሰነድ ያርቀዋል፤ ከባሌ ተራራ ጋር ግን ያስማማዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አንድ ላንድሮቨር፣ በሮቤ፣ በጎባና በደሎ መና መካከል ብዙ ዓመታት ሲመላለስ ከኖረ በኋላ ታድሶ አዲስ አበባ ላይ ለትርኢት ቀረበ እንበል። ዳኛው ኮፈኑን ከፍቶ ያችን ጠባብ ቀዳዳ ቢያገኝ ነጥብ ይቀንስ ወይስ ይጨምር? ጥያቄው ለጊዜው ትርፍ ጊዜ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በታደሰ ሥዕል፣ በታደሰ ቤተ መቅደስ ወይም መስጊድ ፊት የሚነሣው ክርክር ይኸው ነው፤ ይኸውም የአንድ የሰው እጅ ሥራ እውነት የሚገኘው በተወለደበት ቀን ነው ወይስ በኖረው ዕድሜ? የሚለው ነው።

የልደቱ ወገን ጠንካራ መከራከሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥንታዊ አውቶሞቢሎች ክለብ በ400 ነጥብ በሚያካሂደው ዳኝነት መለኪያ ያደረገው መኪናው ከአከፋፋዩ እጅ ለደንበኛው በሚሰጥበት ጊዜ ሊኖረው ይችል የነበረውን ሁኔታ ነው። ከዚያ የጎደለ ነጥብ ያጣል፤ ከዚያ አልፎ ያብለጨለጨም ተጨማሪ ነጥብ አያገኝም። የዚህ መለኪያ ጥቅሙ ዳኛውን ከአድልዎ መጠበቁ ነው። የቡሎኑ ዓይነት፣ የቀለሙ መደብ፣ የመቀመጫው ስፌት በሰነድ ተጽፏል፤ ዳኛው ባለቤቱን ወደደው ጠላው፣ ቡሎኑ ያው ቡሎን ነው። «ይህ መኪና ብዙ ችግር አሳልፏል» የሚል ስሜት ግን በምን ይመዘናል? ይህን ተቃውሞ በቸልታ ማለፍ አይገባም።

ይሁን እንጂ ልደት የሚባለው ነገር ራሱ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት እንደሚታሰበው ንጹሕ አይደለም። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ነበር። እንግሊዝ ከጦርነቱ የወጣችው ብረት አጥሯት ስለ ነበረ አካሉ በአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሐመር አረንጓዴ የሆኑትም ለጦር አውሮፕላን ተዘጋጅቶ የተረፈ ቀለም ስለ ተገኘ ነው። እንግዲህ ዛሬ ዳኛው በመዝገብ አመሳክሮ የሚጠይቀው ያ አረንጓዴ በጊዜው በእጅ የተገኘ ቀለም ነበር ማለት ነው። የሮቤ ላሜራ ቀጥቃጭ በገበያ ያገኘውን ቀለም ቢቀባ ከፋብሪካው ቀለም ይለይ ይሆናል፤ ከፋብሪካው ሰዎች አሠራር ግን ምን ያህል ራቀ?

የዕድሜው ወገን በበኩሉ የሚያስተምረው ከገበሬው ነው። የባሌ ገበሬ ማረሻው በአፈር ተበልቶ ሲያልቅ ይለውጠዋል፤ ሞፈሩ ሲሰበር ሌላ ይጠርባል፤ ቀንበሩም እንዲሁ። በልጁ ዘመን ከመጀመሪያው እንጨትና ብረት አንዳች ባይቀር እንኳ ልጁ የአባቱን ሞፈርና ቀንበር እንደ ወረሰ ይናገራል፤ ዋሸ የሚለው ጎረቤት የለም። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1990 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ1929 እና በ1930 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈውን ቤንትሌ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ የተዋዋለ ድርጅት፣ መኪናው እውነተኛው አይደለም ሲል ክፍያውን እምቢ አለ። በእርግጥም ከውድድሩ ቀን ክፍሎች የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ዳኛው ግን መኪናው በየጊዜው እየተለወጠም ቢሆን ህልውናውና ታሪኩ እንዳልተቋረጠ አይተው ለሻጩ ፈረዱ። ከእኛም ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር መጻፉ፣ ሞተር ሲለወጥም ለውጡ መመዝገቡ፣ በመጠኑ የዚሁ አስተሳሰብ ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ ለታሪክ ታማኝ በሆነ ሁኔታ የተጠበቀውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግለውን ነው። የመጨረሻዋ ሐረግ አስገራሚ ናት። የአዲስ አበባው ቮልስዋገን ምርቱ በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ካበቃም በኋላ ልጆችን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ከገበያ ጤፍ ሲጭን ኖሯል። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር፣ የነባሮቹ ዕድሜ ሊረዝም እንደሚችል ማንም መካኒክ ገምቷል። ታዲያ ሥራ ያልፈታ መኪና ታሪክ የለውም ሊባል ነውን?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያ መኪና ዛሬ ለትርኢት ቢቀርብና ባለቤቱ የኋላ መቀመጫውን ጨርቅ እንደ ፋብሪካው አድርጎ በአዲስ ቢለውጠው፣ በ400 ነጥቡ መለኪያ ይመሰገን ይሆናል። የመኪናው ታሪክ ግን የተቀመጠው በተጣለው ጨርቅ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ የዕድሜው ወገን ቶሎ እንዳይደሰት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በካሊፎርኒያው የፔብል ቢች ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ያልታደሰ መኪና፣ በ1934 የተሠራ ቡጋቲ፣ የበላይነቱን ሽልማት ወሰደ። እርጅና ሲሸለም ደግሞ እርጅናን መሥራት ይጀመራል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት የሚያሳሳ፣ በአሲድ የሚያዝግ፣ ያልተጓዘበትን አቧራ የሚያለብስ ባለሙያ አይጠፋም። በስቱኮ ጠባሳን የሚሸፍነውና ጠባሳ የሚፈጥረው ሰው በዳኛው ፊት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሌላውን ሰው ላብ ይሰርቃሉ። አንደኛው የጠጋኙን ሥራ ይደመስሳል፤ ሁለተኛው ያልተሠራን ሥራ ይፈጥራል።

በመሆኑም ክርክሩ መርዙን የሚያጣው አዳሹ የሠራውን በዝርዝር ሲያስረዳ ነው፦ ይህ ባሌስትራ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ይህ ብየዳ ሮቤ ላይ የተሠራ ነው፤ ይህ በር ግን ከፋብሪካው ነው። ዳኛውም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሚመዝነው ልደትን ይሁን ዕድሜን መናገር ግዴታው ነው። «ኦሪጂናል» የምትለዋ አንዲት ቃል ሁለቱንም እንድትሸከም እየተደረገ ስንት ወዳጅነት ፈርሷል። እርግጥ ነው፣ ዝርዝሩ ሁሉንም አይመልስም፤ ያችን የነሐስ ቀዳዳ መጀመሪያ የለወጠው መካኒክ ስም በሊብሬም በሌላም ወረቀት ላይ የለም።

የላንድሮቨሩ ባለቤት ምናልባት ነጥብ ላለማጣት የፋብሪካውን ቀዳዳ መልሶ ገጥሞ ይሆናል፤ ዳኛውም ተደስቶ ይሆናል። ባለቤቱ ወደ ጎባ ተመልሶ ሳነቴን ለመውጣት ሲነሣ ግን ኮፈኑን መክፈቱ፣ የጠበበችውንም ከኪሱ ማውጣቱ አይቀርም።