ነብሩና ብዕሩ

ነቢዩ ኤርምያስ በ13ኛው ምዕራፍ የሚያነሣው የኢትዮጵያዊ መልክና የነብር ዝንጉርጉርነት ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በግማሹ ነው። ቁጥር 23 እዚያ አያበቃም፤ ክፋትን የለመደ ሰው ደግ መሥራት ይሆንለት እንደሆነ ይጠይቃል። ቆዳው ምሳሌ ነው፣ ጉዳዩ ልማድ። አርባ ዓመት ገደማ ሕዝቡን ሲገሥጽ የኖረው ነቢይ መልሱን የሚጠራጠር አይመስልም። በሃያኛው መቶ ዘመን ጠባይን በቤተ ሙከራ መመዝገብ የጀመሩ ሰዎች ግን ቀድሞ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ ገጠማቸው፦ አንድ ጠባይ «አልተለወጠም» የሚባለው ምን ሲታይ ነው?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ.ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሃርቫርድ ሳለ የሠራው መሣሪያ ቀላል ነበር። ጥቅል ወረቀት በእኩል ፍጥነት ይሳባል፤ በሳጥን ውስጥ ያለች አይጥ መርገጫ በተጫነች ቁጥር ብዕሩ አንዲት እርከን ወደ ላይ ይወጣል። ዝም ካለች መስመሩ ይጋደማል፤ ከተጣደፈች ሽቅብ ይገተራል። በዚህ ወረቀት ላይ የረጋ ጠባይ ማለት ዳገቱ ሳይለዋወጥ የሚወጣ መስመር ነው፤ የተጋደመው መስመር አይጧ መተዋን ይናገራል። ስኪነር ራሱ እንደተረከው፣ ምግብ የተቋረጠባት አይጥ ቀስ በቀስ ስትተው የሚያሳየውን የመጀመሪያ መስመር ያገኘው አቅዶ ሳይሆን የምግብ ማደያው ተቀርቅሮበት ነው።

ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር በ1957 ያሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ባሉ መስመሮች የታጨቀ ነው። የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለሚመጣው የመጀመሪያ ንቆራ ብቻ ጥሬ የሚሰጣት ርግብ ጥሬዋን እንደበላች ታርፋለች፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ትጣደፋለች። (ፈተና ሲደርስ ብቻ ሌሊት የሚያነብ ተማሪ ይህን መስመር ሳያየውም ያውቀዋል።) አንዲት ደቂቃ ያያት ሰው «ተለወጠች» ይላል። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠው ግን ያው ኩርባ ሲመላለስ አይቶ እንደ እሷ የረጋ የለም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

ሙሬይ ሲድማን በ1960 ስለ ምርምር ስልት በጻፈው መጽሐፍ ጠባይ ረግቷል ለማለት ለሁሉም የሚሆን መስፈርት አላስቀመጠም። መስፈርቱ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጠባዩ አያሟላውም፤ ሙከራውም ለውጥ ከመሞከሩ በፊት ባለው መነሻ መስመር ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ከላላ ደግሞ እውነተኛው ለውጥ ከተራ መዋዠቅ አይለይም። «ረግቷል፣ እንጀምር» የሚለው ቃል የተመልካቹ ብያኔ ነው። ዳኞቹም አይስማሙም፦ በ1979 የወጣ አንድ ጥናት ግራፎችን ለባሕርይ ጥናት መጽሔቶች ገምጋሚዎች ልኮ ቢያስፈርድ፣ 1 ሙሉ ስምምነት በሆነበት ሚዛን አማካዩ 0.61 ሆነ።

ብያኔው ሲሳሳት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንኤል ካህነማን በ1960ዎቹ ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞች ምስጋና ከቁጣ ይበልጣል ብሎ ሲያስረዳ፣ አንድ አንጋፋ አሠልጣኝ ተነሥቶ ተቃወመው፤ ያመሰገነው ሠልጣኝ በሚቀጥለው ሙከራ እንደሚበላሽበት፣ የጮኸበት ግን እንደሚሻሻል ተናገረ። ሰውየው ያየውን ነበር የመሰከረው። ዳሩ ግን እጅግ ካማረ በረራ ቀጥሎ የሚመጣው በአብዛኛው ወደ ተለመደው ይወርዳል፤ እጅግ ከከፋም ቀጥሎ ወደ ተለመደው ይወጣል። ካህነማን መኮንኖቹን ጀርባቸውን አስዙሮ ወለሉ ላይ ወዳለ ዒላማ ሁለት ሁለት ሳንቲም አስወረወራቸው። በመጀመሪያው የቀረቡት አብዛኞቹ በሁለተኛው ራቁ፤ የራቁት ቀረቡ። የተመሰገነ የለም፣ የተቆጡትም የለም። ሰው መድኃኒት የሚፈልገውም ሕመሙ በበረታበት ቀን ነውና፣ ከዚያ በኋላ የመጣ መቅለል ሁሉ የመድኃኒቱ ሥራ ላይሆን ይችላል።

ተመራማሪዎቹ ከዚህ ወጥመድ የሚወጡበት መንገድ ጨከን ይላል፦ ለውጥ አመጣ የተባለውን ነገር አንሥቶ ጠባዩ ወደ መነሻው ይመለስ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ እንደገና መስጠት። ራሱን የሚመታ ሕፃን ከተወ በኋላ፣ ለማስረጃ ሲባል ሕክምናውን የሚያቋርጥ ማነው? የማይመለስም አለ፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ መምህሩ ስለሄደ ፊደሉ አይጠፋውም። ባየር፣ ዎልፍና ሪዝሊ በ1968 ለእንዲህ ያለው ያቀረቡት መላ ጊዜን ማፈራረቅ ነበር። ሥልጠናው ለአንዱ ጠባይ ዛሬ፣ ለሌላው ቆይቶ፣ ለሦስተኛው ከዚያም በኋላ ይጀመራል፤ እያንዳንዱ መስመር ተራው በደረሰ ጊዜ ብቻ ከተነሣ ምክንያቱ ይታመናል። ዘዴው ለሦስት ልጆች ሲውል፣ ሦስተኛው ልጅ ሁለቱ እየተማሩ ሳለ መነሻው መስመር ላይ ተራውን ይጠብቃል።