በስደት ስለ ተሠራ ሕዝብ

ሕዝብን ሕዝብ የሚያሰኘው አገሩ ነው የሚል ሰው፥ ያ ሕዝብ ከአገሩ በተነቀለ ጊዜ ምን ሆኖ እንደሚቀር ቢጠየቅ መልሱ ይጨንቀዋል፤ ዘርና ደም ነው የሚለውም፥ ወላጆቹ ያለቁበትና ወንድሙ በየት በረሃ እንደ ቀረ የማያውቅ ብላቴና ከማን ወገን እንደሚቈጠር ቢጠይቁት ያው ነው። ይህ ክርክር ከፄዋዌ ባቢሎን ጀምሮ የኖረ ሲሆን፥ እርሱን ለመመርመር ግን እስከ ባቢሎን መሄድ አያሻንም፤ በ1975 ዓ.ም. በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ዳግመኛ በተነሣ ጊዜ ድንበር እየተሻገሩ ወደ ጋምቤላ ምድር፥ ወደ ኢታንግና ወደ ፑኝዶ የገቡት የዲንካ ሰዎች ታሪክ ቅርባችን ነው።

ለዲንካ ከብት ሀብት ብቻ አልነበረም። ጐልማሳው መጠሪያውን ከበሬው ቀለም የሚወስድ፥ ጋብቻው በከብት ጥሎሽ የሚጸና፥ ኒያሊች ብለው ለሚጠሩት ፈጣሪ የሚቀርበውም መሥዋዕት ከበረት የሚወጣ በመሆኑ፥ በረቱ በተዘረፈና በተበተነ ጊዜ የጠፋው ወተቱና ሥጋው ሳይሆን፥ ሰው ከሰው፥ ሰውም ከአምላኩ የሚገናኝበት ሥርዓት በሙሉ ነበረ። በዚህ ላይ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ መጠጊያቸው ራሱ ፈረሰና፥ ከፑኝዶ የወጡት የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎች በጥይትና በሙላት አለቁ፤ ከተረፉትም ሕፃናት እጅግ ብዙዎቹ ደቡብ ሱዳንን በእግር አቋርጠው በ1984 ዓ.ም. በኬንያ ካኩማ ከተባለው በረሃ ደረሱ።

የሚያስደንቀው በዚህ ሁሉ መካከል የሆነው ነገር ነው። ወንጌል ወደ ዲንካ አገር፥ ወደ ቦር አካባቢ ከገባ ሰማንያ ዓመት ያህል ቢሆነውም የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ በጦርነቱና በስደቱ ዘመን ግን ሕዝቡ በብዙ ሺህ እየሆነ ተጠመቀ። የውጭ ሚሲዮናውያንን የካርቱም መንግሥት አስቀድሞ በ1956 ዓ.ም. አስወጥቷቸው ስለ ነበረ፥ ሥራውን የሠሩት የአገሩ ተወላጅ ካህናት፥ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ መዝሙር የሚደርሱ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዲቱ፥ የቦሯ ሜሪ አልዌል ጋራንግ፥ የወገኖችዋን ጥፋት እግዚአብሔር ሕዝቡን የሚጐበኝበት ዘመን አድርጋ በዜማ ተርጕማዋለች። ሴቶቹ ከእንጨት፥ አንዳንዴም ከጦር መሣሪያ ስብርባሪ ብረት የተሠራ መስቀል ይዘው ይዘምሩ ነበር፤ በእኛ ዘንድ የእጅ መስቀል የካህን ብቻ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ይህን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ሳይደነግጥ አይቀርም።

በዚያው ወራት ጆክ ለሚባሉት መናፍስት የቆሙት ቤተ አምልኮዎች ስለ ተቃጠሉ፥ የአበው ማንነት በእሳት አለቀ የሚል ይኖራል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ አምላክ በዲንካ መጽሐፍ ቅዱስ ዛሬም ኒያሊች ነው፥ የመዝሙሩም አካሄድ ከአገሩ ዘፈን የተወለደ ነው። ሕዝቡ የጣለው ከመከራው ሊያድነው ያልቻለውን ነው፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ደግሞ ሕያው የሆነ ሕዝብ እንጂ የሞተ አያደርገውም።

ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 18ን ያነበቡበትም መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። እኛ ከጥንት ጀምሮ ለራሳችን ስናነበው የኖርነውን፥ ስለ ረጅሙና ወንዞች ምድሩን ስለሚከፍሉት ሕዝብ የሚናገረውን ቃል፥ እነርሱ ናይል የሚያልፍበትን ረግረጋቸውን እያሰቡ ስለ ራሳቸው የተነገረ አደረጉት። ትንቢቱ የሚያጽናና ብቻ ቢሆን ኖሮ ከንቱ ውዳሴ ይሆንባቸው ነበር፤ ነገር ግን መቅሠፍትንም ስለሚናገር፥ ተሰዳጁ በደሉን ሁሉ በጠላቱ ላይ ከመጫን ተቈጥቦ ራሱን እንዲመረምር አስገደደው። የፈረሰ ማኅበር ዳግመኛ የሚሠራው በዚህ ምርመራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ናፍቆት ብቻውን ሰዎችን ይሰበስብ እንደ ሆነ እንጂ ሕዝብ አያደርግም።

ሆኖም ምርመራው ሳይፈጸም ቀረ። በኅዳር 1984 ዓ.ም. በቦር የዲንካን ሰላማዊ ሰዎች የፈጁት የጎረቤታቸው የኑዌር ሕዝብ ታጣቂዎች ነበሩ፤ ኑዌሮችም በዚያው ጦርነት የተሰደዱ፥ በኢታንግ አብረው የተጠለሉ፥ ከእነርሱም መካከል በዚያው ወንጌል ያመኑ ብዙዎች ነበሩ። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ባወጀች በሦስተኛው ዓመት፥ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፥ በጁባ ሰላማዊ ኑዌሮች በመንግሥት ወታደሮች ተገደሉ። በስደት የተገኘው አንድነት የራስን ሙታን ማልቀስ አስተምሮ ነበር፤ የጎረቤትን ሙታን ማልቀስ ግን አላስተማረም። ይህ የዲንካ ብቻ ነቀፋ አይደለም፤ የእርስ በርስ ጦርነት ያሳለፈ ሕዝብ ሁሉ፥ እኛም ጭምር፥ የምንጠየቅበት ነው።

በአሁኑ ዘመን ከጥንቱ ኢታንግ ብዙ ሳይርቁ በተሠሩት በኩሌና በተርኪዲ መጠለያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው ኑዌሮች ናቸው፤ እነርሱም በተራቸው እየዘመሩና ልጆቻቸውን ፊደል እያስቈጠሩ ማኅበራቸውን ይሠራሉ። በዚያ የሚያገለግሉ ካህናትና መምህራን፥ ከአገራችንም ሄደው የሚረዷቸው ሁሉ፥ በየጸሎታቸው በቦር የወደቁትንና በጁባ የወደቁትን በአንድነት እንዲያስቡ እንለምናቸዋለን።